የእሜቴ ሆድ

ጥቅምት 4 ቀን

ለወንድም ዓለም፣ ለልሙጥ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ያ የማይለቅህ ሳል፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? እኔ ለክፉ አልተሰጠሁም፤ በቁሜ አለሁ። እማዬን በእኔ ፋንታ ግንባሯን ሳምልኝ። በየቀኑ ብቅ እያልክ እንደምታያት ሳስብ የበላሁት ይጣፍጠኛል። የአጎት ልጅ ብቻ አይደለህም፤ የልጅነት ግዴታን በእኔ ቦታ የምትወጣላት አንተ ነህ። ፈጣሪ እድሜህን እንደ መንገድ ያርዝመው።

ዛሬ ግን ለሰላምታ ብቻ አልጻፍኩም፤ ጉዳይ አለኝ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ የዕቃ ልክና ቁጥር በስልክ አይነገርም። "ስንት አልሽ? አሥራ ሰባት? ሰባ?" ስንባባል መስመሩ ይቆረጣል።

የምሠራበትን ታውቃለህ። አንተ "አሻንጉሊት ፋብሪካ" እያልክ ትስቅብኛለህ፤ የኛን ሥራ ልጅ አይጫወትበትም። የጥንት መኪኖችን አንድ ለአሥራ ስምንት አሳንሰን ነው የምንሠራው፤ እውነተኛዋ ላይ አሥራ ስምንት ሴንቲ የሆነው እኛ ዘንድ አንድ ሴንቲ ይሆናል። ገዢዎቻችን ሰብሳቢዎች ናቸው፤ መኪናዋን በመስታወት ሣጥን የሚያኖሩ፣ አጉሊ መነጽር ከእጃቸው የማይለይ። ባለፈው ወር አንዱ "የዝናብ መጥረጊያዋ የተኛችው በተሳሳተ ጎን ነው" ብሎ ዕቃውን መለሰልን። ሦስት ሰው ሳምንት ሙሉ የድሮ ፎቶ ሲያገላብጥ ሰነበተ። ሰውየው እውነቱን ነበር። የእኔ ድርሻ ቀለም ነው። ቀለሙም እንደ መኪናዋ መቅጠን አለበት፤ አለዚያ ሕፃን የአባቱን ካፖርት ደርቦ የወጣ ይመስላል።

የወርክሾፑ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ምስጋና ከአፋቸው በመቆንጠጫ ነው የሚወጣ። አሥር ዓመት ለሠራ ሰው ግን አንድ ነገር ይፈቅዳሉ፤ ራሱ የመረጣትን አንዲት መኪና ከሀ እስከ ፐ ብቻውን እንዲሠራ። ተራዬ ደረሰ። "የማንን ትሠሪያለሽ?" አሉኝ። ሳላስበው "የአባቴን" አልኩ።

እሜቴን ልሠራ ነው፣ ልሙጥ። አባባ "እሜቴ ዛሬ አልተነሣችም፤ እሜቴ ዛሬ አኩርፋለች" እያለ የሚያሞላቅቃትን ያቺን መኪና።

ያለኝ አንድ ፎቶ ነው። እዚህ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት የላከልኝ፤ እሜቴ አዲስ ቀለም ተቀብታ፣ እሱ እጁን ኮፈኗ ላይ ጥሎ። ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላ ልቡ ቀጥ አለ ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ፎቶው ግራ ጎኗን ብቻ ነው የሚያሳየው። አንተ ግን ባትላሜራ ነህ፤ የተጨማደደ ቆርቆሮዋን በመዶሻ ያቀናህ፣ በእጅህ ያለሰለስካት አንተ ነህ። "ልሙጥ" የሚለውን ስም ያወጣልህም አባባ ነው። የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍልኝ፤ ቀኝ ጎኗን፣ ውስጧን፣ ጠባሳዋን። ማማሯ አያስጨንቀኝም፤ ራሷን ትሁንልኝ።

እህትህ


ኅዳር 11 ቀን

ለእታለም፤

ደብዳቤሽ ቤታችንን አደመቀው። ሁላችንም እንደ አቅሚቲ ደህና ነን። ያ ሳልም ደህና ነው፤ ከዘመድ ይልቅ እሱ ሳያቋርጥ ይጠይቀኛል። ባለቤቴ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችልኝና "የኛ ቀለም ቀቢ እዚህ ግድግዳ አይጨርስ፣ እሷ እዚያ ጣት የምታህል መኪና ቀብታ ትኖራለች" አለች።

እትዬ ደህና ናቸው። ትንሽ መርሳት ጀምረዋል እንጂ። ሰሞኑን ፎጣ ያጥፋሉ፤ አጥፈው ሲጨርሱ ይፈቱና እንደገና ያጥፋሉ። አትጨነቂ፤ እድሜ ነው።

ወደ እሜቴ ልምጣልሽ። ቀለሟ ነጭ አይደለም፣ ክሬምም አይደለም። ብርጭቆ ወተት ውስጥ አንድ ጠብታ ሻይ ጣል ብታደርጊ የሚወጣው ነው። ሦስት ጊዜ ቀላቅያለሁ፤ ጋሼ ሁለቱን "ይሄ የሆስፒታል ግድግዳ ነው" ብለው አስደፉኝ። ቀኝ የኋላ በሯ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ እጀታው ከሌሎቹ በሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ተሳፋሪ ሁሉ መጀመሪያ አየር ይጨብጥ ነበር። ጋሼም ዞር ሳይሉ "ዝቅ በሉ፣ ትሑት ሁኑ" ይሉ ነበር። በዚያው በኩል ያለው የጎን መስታወት የሞተር ብስክሌት ነው፤ ክብ። የኋላ ወንበሩ ልብስ ከእትዬ መጋረጃ የተረፈ ነው፤ ሰማያዊ፣ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። ለእሱም ሳምንት ተኮራርፈዋል።

በጎኗ ርዝመት የሚሄደው የሚያብረቀርቅ መስመር ከኋለኛው በር ወዲያ ብረት አይደለም። ተሰብሮ ነበር፤ በብር ቀለም ስዬ ነው ያስቀጠልኩት። ፎቶው ላይ አታውቂውም። የሹፌሩ መስኮት ጠርዝ ላይ ጋሼ ክርናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ደግሞ ቀለሙ ተበልቷል። አዲስ ቀብቻት እንኳ በሁለት ወሩ መልሰው በሉት።

ይህን ስጽፍ እጄ ቀለም ቀለም ሸተተኝ።

ወንድምሽ ልሙጥ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ለወንድም ዓለም፤

እጅህ ይባረክ፤ የጻፈውም፣ ያለሰለሰውም። ደብዳቤህን ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌ ነው የምሠራው። አሁን አካሏ አልቋል። ርዝመቷ ሃያ ሴንቲ ነው። ወተትና ሻይዋን አምስት ጊዜ ቀላቅዬ አገኘኋት፤ ሳገኛት አወቅኋት፣ አፌ ውስጥ ሁሉ ጣዕሟ የመጣ መሰለኝ። የክርኑን ቦታ በጥርስ ብሩሽ ፀጉር ፈቅፌ አወጣሁት፤ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም።

ሽማግሌው ከመነጽራቸው ሥር አዙረው አዙረው አዩዋት። "የቀኝ በሯ እጀታ ተሳስቷል" አሉ። የአንተን ደብዳቤ ተረጎምኩላቸው። "ዝቅ በሉ፣ ትሑት ሁኑ" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቁ። አሥር ዓመት ስሠራ ጥርሳቸውን ያየሁት ገና አሁን ነው።

ከዚያ ገለበጧት። ሥሯ ባዶ ነው። "ሆዷስ?" አሉኝ። "ላይዋን የሚያይ ገዢ ነው፤ ገልብጦ የሚያይ ሰብሳቢ ነው።"

ስለዚህ ልሙጥዬ፣ አሁን የምጠይቅህ ሆዷን ነው። የሚሸከማት ብረት ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል? መሪው ከጎማው ጋር የሚገናኝበት ሣጥን የታሰረው በየት ነው? የጭስ ቱቦዋ በየት በኩል ዞሮ ይወጣል? አንተ ከሥሯ ተኝተህ ነው ያደግከው። ከአባባ በኋላ የሸጣችሁለት የገጠር ሰው አሁንም ካለችው ደግሞ ሄደህ ብታይልኝ ውለታህን አልረሳም።

እማዬ ፎጣ ማጠፉን ተወች?

እህትህ


የካቲት 20 ቀን

ለእታለም፤

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ፣ ሳሉም ተነሥቶብኝ ነው። እሜቴን የገዛት ሰውዬ አገሩን ከለቀቀ ቆይቷል፤ አድራሻውን የሚያውቅ የለም።

ነገር ግን አንድ ግቢ ውስጥ እንደ እሜቴ ያለች መኪና ቆማ አግኝቼ ከሥሯ ገብቼ ለክቻለሁ። ሥዕሉን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። እህትማማቾች ናቸው፤ ልዩነት የላቸውም። ደግሞ ሆድ ምን ይሠራልሻል? ቆማ የምትኖር መኪና ናት። ጥቁር ቀለም ድፍን አድርገሽ ቀቢው፤ ማንም አያውቅብሽም።

እትዬ ደህና ናቸው። ፎጣውን ከእጃቸው ስንወስድባቸው ያለቅሳሉና ትተነዋል።

ልሙጥ


መጋቢት 18 ቀን

ለወንድም ዓለም፤

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ሥዕሉ ደረሰኝ፤ ድካምህን አላቃልልም። ነገር ግን ከአካሏ ጋር አልገጠመልኝም። ሽማግሌው አዩትና "ይህች ከስድስት ዓመት በኋላ የወጣችው ናት፤ የፊተኛዋ አግዳሚ ብረት ቀጥ ያለ ነው፣ የዚህችኛዋ ቆልመም ይላል" አሉ። አንተ ይህን ሳታውቅ ቀርተህ አይደለም። አንተ መኪና በድምፅዋ ዓመተ ልደቷን የምትናገር ሰው ነህ።

"ማንም አያውቅብሽም" ያልከኝንም ደጋግሜ አነበብኩት። የአንተ ቃል አልመስል አለኝ።

ባለፈው እሑድ እማዬን በስልክ አገኘኋት። ጨዋታ ላምጣ ብዬ "እማዬ፣ እሜቴን ማን ነበር የገዛት?" አልኳት። "የምን መግዛት? ያን ያህል ተሰባብራ ማን ይገዛታል?" አለችኝ። ቀጥላ "አኩርፎ እኮ ነው የወጣው" አለች። ከዚያ ስልኩን አንድ ሰው ተቀበላት። አንተ ነህ። "ቃዥተው ነው፣ አትስሚያቸው" አልከኝ። 

አሁን ሆዷን ትቼዋለሁ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ አባባ በምን ሞተ?

እህትህ


ሰኔ 2 ቀን

ለእታለም፤

ሰላምታ አላበዛም፤ ከእኔ አፍ አያምርም።

ደብዳቤሽ ከመዶሻዎቼ ሥር ሁለት ወር ከረመ። ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ መዶሻ አነሣለሁ፣ እዘጋለሁ።

ጋሼ የሞቱት በልብ አይደለም። በመኪና ነው። በእሜቴ።

አንቺ ከሄድሽ ዓመት ሳይሞላ ወደ እኔ መጡ። ሥራ ካስተማረኝ ጌታዬ ወጥቼ የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ጋራዥ ስልሽ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያና አንድ ጉድጓድ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። "ለልጄ ፎቶ ልልክላት ነው፤ ሙሽራ አድርግልኝ" አሉኝ። "አባቴ ደልቶታል ብላ ሐሳቧን ጥላ ትሥራ።"

ላይዋ ደህና ነበር። ከሥሯ ስገባ ግን መሪውን የሚይዘው ሣጥን የታሰረበት ብረት በዝገት አልቆ አገኘሁት። በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ባደርገው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። የተበላውን ቆርጦ አዲስ ብረት መበየድ ነበር ሥራው። መበየጃ አልነበረኝም። "ጋሼ፣ ወደ ጌታዬ ጋራዥ ውሰዷት" ማለት ነበረብኝ። "ልሙጥ አቅቶት መለሳት" እንዳይባልብኝ ፈራሁ። ይኸው ነው። ሃያ ዓመት ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ቆርቆሮ ቆርጬ ሸፈንኩት። ቆርቆሮ የምናለሰልስበትን ስቱኮ ሞላሁበት፣ በአሸዋ ወረቀት አሸሁት፣ ጥቁር ቀለም ደፋሁበት። አማረ። ከክረምቱ በኋላ በወጉ እሠራዋለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ጋሼ ሊወስዷት ሲመጡ መዳፋቸውን በጎኗ አሳልፈው "የሕፃን ጉንጭ!" አሉ። ቁልፉን ተቀብለው በር ከከፈቱ በኋላ ደግሞ ዞሩና ጠየቁኝ።

"ከሥርስ ደህና ናት?"

"ብረት ናት፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ያ ፎቶ የተነሣው በማግስቱ ነው።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ከዳገቱ ሲወርዱ ኩርባው ላይ መሪው ባዶውን ዞረ። መንገድ ዳር የነበረች ሴት አይታቸዋለች፤ "ሰውየው መሪውን እንደ ወፍጮ ያሽከረክሩታል፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች" አለች። ከድንጋይ ግንቡ ጋር ተላተሙ። ብቻቸውን ነበሩ፤ እዚያው ሞቱ። እኔ ስደርስ እሜቴ በጎኗ ተኝታለች፣ ሆዷ ወደ ሰው ዞሮ። ቆርቆሮዬ እንደ ወረቀት ተቀዷል። ሌላው ሰው ጋሼን ነው የሚያየው። እኔ ቆርቆሮውን አየሁ።

ስብርባሪዋን ወደ ጋራዤ አስጎተትኳት። ማንም ሳይመረምራት በሦስት ቀን ቆራርጬ ጨረስኳት። የፖሊስ መዝገብ ላይ "ሹፌሩ ሐሳቡ ተበትኖ መስመር በመሳቱ" ተብሎ ተጻፈ። ለአንቺ በልብ ነው ይባል ያሉት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የመኖሪያ ወረቀቷ ሳያልቅ ተነሥታ ትመጣና ሁሉም ይበላሽባታል ብለው። እትዬንም አስማሉ። እኔን ማስማል አላስፈለጋቸውም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናለ። ያን ዕለት ጠዋት እትዬና ጋሼ ተጣልተው ነበር። ጋሼ እሜቴን የወለወሉት በእትዬ አዲስ ፎጣ ነው። "ከእኔ እሷ ትበልጥብሃለች!" ብለው ጮኹባቸው። ጋሼ ቁርስ ሳይቀምሱ አኩርፈው ወጡ። መዝገቡ "ሐሳቡ ተበትኖ" ሲል እትዬ "የበተንኩት እኔ ነኝ" አሉ። ይኸው ሃያ ዓመት ይላሉ። "በፎጣ ሰው ገደልኩ" ሲሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። "አይዞዎት እትዬ፣ ቀኑ ደርሶ ነው" እላቸዋለሁ። አንድ ቃል ብናገር ያርፉ ነበር። በየቀኑ ብቅ እያልኩ የማያቸው፣ አንቺም የምትመርቂኝ፣ ለዚህ ነው። ያቺን አንድ ቃል ይዤ እገባለሁ፤ ይዣት እወጣለሁ።

ልሙጥ


ሐምሌ 21 ቀን

ለባትላሜራው፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል።

የለጠፍከውን ቆርቆሮ ልክ ላክልኝ። ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ በምን እንዳሰርከው፣ ዝገቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ። ረሳሁት እንዳትለኝ።

ይህን አንብበህ እንደጨረስክ እማዬ ዘንድ ሂድና ለእኔ የጻፍከውን በሙሉ ንገራት። ሽማግሌ አትላክ። ራስህ ቁጭ ብለህ፣ ዓይን ዓይኗን እያየህ። እኔ ከዚህ አገር አንዴ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ ቢኖረኝ ኖሮ ይህን በአንተ አፍ አላስነግራትም ነበር።

ያን ፎቶ ሃያ ዓመት ከራስጌዬ ሰቅዬ ኖሬአለሁ። ሰው ቤቴ ሲመጣ "አባቴ ናቸው፤ ደልቷቸው ነው የሞቱት" እል ነበር።


ነሐሴ 25 ቀን

ለእህቴ፤

ርዝመቱ አሥራ ስምንት ሴንቲ። ስፋቱ ዘጠኝ ሴንቲ። ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው፤ የፋብሪካው አረንጓዴ ጽሑፍ ወደ ውስጥ ዞሯል። በስድስት ሪቤት ምስማር ነው የመታሁት፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ጠማማ ናቸው። ዝገቱ ከግራው የፊት ጎማ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ሹፌሩ እግር ሠላሳ አንድ ሴንቲ ሄዷል። ስቱኮው በመሐል አንድ ጣት ይወፍራል፣ ወደ ጠርዙ ይሳሳል። አልረሳሁትም።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግስቱ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፎጣ ያጥፋሉ። ከፊታቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዝገቱ ጀምሬ እሜቴን ቆራርጬ እስከጨረስኩበት ሦስተኛ ቀን ድረስ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ፎጣውን አስቀመጡ።

"መሪው ነው?" አሉኝ።

"መሪው ነው፣ እትዬ።"

"እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ።"

በጥፊ መቱኝ። ሁለት ጊዜ። እጃቸው ኃይል የለውም፤ ቢኖረው በወደድኩ። ከዚያ "ኧረ አንተ ሰውዬ! ኧረ አንተ ሰውዬ!" እያሉ ጋሼን ጠሩ። አልቅሰው አልቅሰው፣ በመሐል ቀና አሉና "እንግዲያስ እያሰበኝ አልነበረም የሞተው፤ መሪውን እያሰበ ነበር" አሉ። ፊታቸው እንደዚያ ሲፈታ ከጋሼ ሞት ወዲህ አላየሁም።

ውኃ ላመጣላቸው ወጣሁ። ከማድጋው ቀድቼ እስክመለስ ነው እንግዲህ። ስገባ ፎጣውን አንሥተው ያጥፋሉ።

"መጣህ ልጄ? ተባረክ" አሉኝ። "ሰማህልኝ? ሰውየው ዛሬም ቁርስ ሳይበላ አኩርፎ ወጣ።"

የዘገየሁት እኔ ነኝ። አምና እንኳ ብነግራቸው ይይዙት ነበር።

ልሙጥ


ኅዳር 3 ቀን

ለባትላሜራው፤

ሠርቼ ጨርሻለሁ። በእኛ ልክ ቆርቆሮህ ርዝመቱ አንድ ሴንቲ፣ ስፋቱ አምስት ሚሊ ነው። በመቆንጠጫ ካልሆነ በጣት አይያዝም። ሁለት ጊዜ ወለል ላይ ወድቆብኝ በጉልበቴ እየዳህኩ ፈለግሁት። አረንጓዴ ጽሑፉንም ወደ ውስጥ አዙሬ ጽፌበታለሁ፤ ማንም አያየውም፣ አለ ግን። ስድስቱን ሪቤት በመርፌ ጫፍ አወጣሁ፤ ሁለቱን አጣመምኳቸው። ስቱኮውን እንዳልከኝ ከመሐል አወፍሬ፣ ከጠርዝ አሳስቼ ጥቁር ቀባሁበት፤ ዝገቱ ከሥሩ ትንሽ ብቻ እንዲታይ።

ለሽማግሌው ምንም አልነገርኳቸውም። ወሰዷት፣ አዩዋት፣ ገለበጧት። መነጽራቸውን አስጠግተው በዚያች ቦታ ላይ ቆዩ። በጣም ቆዩ። ከዚያ "ይህችን መኪና ማንም ሊነዳት አይገባም ነበር" አሉኝ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሠራተኛው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ቆለፍኩ።

ስለዚህ ከአንተ ጌታ ዘንድ ብትወሰድ ኖሮ፣ ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢያያት ኖሮ፣ አባቴ ይተርፍ ነበር። አንድ ለአሥራ ስምንት አንሶ እንኳ የሚታይ ነገር ነው።

እማዬ ረሳችው ብለህ እንዳታርፍ። የተፈታ ፊቷን ጽፈህልኛል። ለአንድ ብርጭቆ ውኃ መቅጃ ያህልም ቢሆን ትረፍ። ነገም ንገራት። ከነገ ወዲያም። አንድ ቀን እንዳትዘል። ለእኔ መልስ አትጻፍ፤ የቀረችውን እድሜዋን ለእሷ ተናገር። እኔ በምን እንደማርፍ አንተን አይመለከትህም።


ጥር 19 ቀን

ለእህቴ፤

አትጻፍ ብለሽኛል። ይህን አንዱን ፍቀጂልኝ፤ ከዚህ በኋላ አልጽፍም።

በየቀኑ ነግሬያቸዋለሁ። ጋራዡን የምከፍተው ከእሳቸው ዘንድ ተመልሼ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን በር ላይ ቆማ ሰማችኝ፤ አሁን ሥራ አለኝ ብላ ትወጣለች። ማታ ምግብ ታቀርብልኛለች፤ ከእኔ ጋር አትበላም።

እትዬ አንዳንድ ቀን ይመቱኛል። አንዳንድ ቀን ይረግሙኛል፤ እርግማኑን ተቀብዬ ሳልነሣ "ልጄ፣ ምሳ በላህ?" ይሉኛል። አንዳንድ ቀን "እኔ አይደለሁም?" ብለው ሦስት አራት ጊዜ ይጠይቁኛል፤ እኔም ሦስት አራት ጊዜ "አይደሉም" እላለሁ። ከዚያ ፎጣው። በየማለዳው ግን በር ላይ ሲያዩኝ ይመርቁኛል። ከጥፊው ይልቅ ምርቃቱን ነው መቋቋም ያቃተኝ።

ትናንት ነግሬ ስጨርስ አላለቀሱም። እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ አሹልኝ።

"አንተ ለምን ታለቅሳለህ? አንተ ምን አደረግክ?" አሉኝ።

"ያ ልጅ እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"አይደለህም። አንተማ በየቀኑ እየመጣህ የምትጠይቀኝ ነህ። ያ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ደጄን ረግጦ አያውቅም።"

"እኔ ነኝ።"

"አትሸፍንለት" አሉኝ፤ ቆጣ ብለው። "ታውቀዋለህ አይደል? አምጣልኝ። ምንም አላደርገውም። ከራሱ አፍ ልስማ ብዬ ነው።"

"እሺ፣ ነገ ይዤው እመጣለሁ" አልኳቸው። ነገ አይደርስም፤ እስከ ነገ ይረሱታል ብዬ ነው።

ዛሬ ማልጄ ሄድኩ። እትዬ ፎጣ አልያዙም። ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሌላ ወንበር አስቀርበዋል። በሩን ከፍቼ ስገባ በትከሻዬ አሻግረው ወደ ደጁ ተመለከቱ። ቆይተው ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"ብቻህን መጣህ?" አሉኝ።